በሆዮ ሃዎ ሣጥን ውስጥ ያለው ኪኒን

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለአባዮ ኡባህ፤ ሻርጃ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ እንደ ድሬ ሙቀት ይሙቅሽ ልል ነበር፤ ግን አንቺም ያለሽው ሙቀት ውስጥ ነው፣ ምን ጨመርኩልሽ! እንግዲያው እንደ ኅዳር ጠዋት ነፋስ ቀዝቀዝ ብሎ ይድረስሽ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ደረጃ ስወጣ ያስቸግረኛል ያልሽው ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ ዛሬም ታሽዋለሽ? ባልሽ ዋርሳን ደህና ነው? ወገቡ፣ ስኳሩ፣ ቁጣው፣ ሁሉም በልክ ነው? ጦልሃ በቁመት አባቱን በለጠ አሉ፤ ማሻአላህ በይልኝ። የሙኒያን ነገር ኋላ እመጣበታለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ግማሹ ለእሷ ነው። እኔ እህትሽ ሳብሪን ከናፍቆትሽ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ደግሞ የድሮዋን የይምሰል ደህና ነኝ አይደለም፤ ዘንድሮ የእውነቴን ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ድምፅ ልላክልሽ ብል አንቺ ስትከፍቺው ዋርሳን ጎንሽ ነው፤ እኔ ያንቺን ስከፍተው አማቴ ሆዮ ሃዎ ጎኔ ናት። የማህፀን ነገር ደግሞ በስፒከር አይወራም። ታይዋን ገበያ ከሱቄ ፊት ለፊት ጫማ የሚሸጠው ኻሊፍ ዕቃ ሊያመጣ ነገ ወደ ዱባይ ይሄዳል፤ ይህን ወረቀት እጅሽ ላይ ሳያደርስ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ። ከፈለግሽ ሳቂ፣ ከፈለግሽ አልቅሺ፣ ብቻ ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው።

በግንቦት ኦፕራሲዮን ስደረግ ትንሽ እጢ ናት፣ አወጧት ብዬሽ ነበር። ትንሽም አልነበረች፣ በማውጣት ብቻ የሚያልቅ ነገርም አልነበረም። መቼም ልጅነታችንን አትረሺውም። በየወሩ ያ ነገር ሲመጣብኝ ፍራሻችን ላይ ስንከባለል፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ ሆዴ ላይ የምታስቀምጪልኝ አንቺ ነበርሽ። እናታችን፣ አላህ ጀነትን ይወፍቃትና፣ ስትወልጂ ይተውሻል ትለኝ ነበር። እኔም እንግዲህ ልውለድና ይተወኝ ብዬ አገባሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ እኔም አልወለድኩም፣ እሱም አልተወኝም። ያልጠጣሁት የለም፤ ጥቁር አዝሙዱ፣ አብሹ፣ ማሩ። መልካ ጀብዱ ቁርአን የተቀራበት ውሃ ከሚሰጡት ሽማግሌ ዘንድ ስንት ጀሪካን እንዳመላለስኩ ባሌ ሙሂዲን ይንገርሽ። ሽማግሌው ደግ ሰው ናቸው። በመጨረሻ ራሳቸው፣ ልጄ፣ ዱዓውን እኔ አላቋርጥም፣ አንቺ ግን ሐኪም ዘንድ ሂጂ አሉኝ።

ተነግሮኝም ለገምኩ። ፈራሁ ነው የምልሽ። ያለፈው ረመዳን ሊገባ ሲል ሱቅ ውስጥ ለአንዲት ሴትዮ ቦርሳ እያሳየሁ በቁሜ ወደቅሁ። ሴትዮዋ ወላሂ ዋጋ ቀንሺ ስላልኳት ነው የወደቀችው ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ ስትምል ነበር አሉ። ሙሂዲን እየሮጠ መጥቶ ባጃጅ ውስጥ አስገባኝና በዚያው ዶክተር ፍቅረ ማርያም ዘንድ ደረስን። በየወሩ ከአዲስ አበባ እየመጡ እዚህ የሚያክሙ የማህፀን ሐኪም ናቸው። ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቁኝ። ሕመሙ መቼ ይጀምርሻል፣ ሽንት ቤት ስትቀመጪ ያምሻል ወይ፣ ከባልሽ ጋር ስትሆኚስ ያምሻል ወይ? እኔ መሬት መሬቱን አየሁ፣ ሙሂዲን ጣራው ላይ ያለውን ማራገቢያ አየ። ኋላ፣ አዎ ያማታል፣ ትደብቀኛለች እንጂ ያማታል ያለው እሱ ነው። ያን ቀን ባሌን እንደ አዲስ ወደድኩት።

በሽታው ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። ማህፀንን በውስጥ በኩል የሚሸፍነውን የመሰለ ነገር ከማህፀን ውጪ ይበቅላል፤ በየወሩ ማህፀን ሲደማ እሱም ባለበት ይደማል። ደሙ መውጫ የለውም። ያለበትን ያቆስላል፣ ቁስሉ ሲሽር ደግሞ አጠገቡ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይጣበቃል። የግራ የእንቁላል ከረጢቴ አሮጌ ደም ቋጥሮ ከአንጀቴና ከማህፀኔ ጀርባ ጋር አንድ ሆኗል አሉኝ። የእኔ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ እወልዳለሁ ወይ? እሳቸውም ሳይሸነግሉኝ፣ ቃል አልገባልሽም አሉ። መንገዱን እንከፍታለን፤ ነገር ግን ቀዶ ጥገናው ራሱ በጥድፊያ ከተሠራ መልሶ ያጣብቃል፣ ቋጠሮውን ስናወጣም ጤነኛውን እንቁላል አብረን ልንጎዳ እንችላለን። ስለዚህ ሥራችን ሁለት ነው፤ በሽታውን ማውጣትና እንቁላልሽን ማትረፍ አሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው አባዮ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስተኛም ስነሳም ሐሳቤ ይኸው ብቻ ሆነ።

መጣበቅ የሚሉት ነገር ግን ወዲያው ነው የገባኝ። ቦርሳ ነጋዴ አይደለሁ! ካቻምና በሙቀቱ ወራት ያንን የሚያብረቀርቅ ቆዳ መሳይ ቦርሳ አስመጥቼ ጥቅሉን ሳልፈታ መጋዘን ትቼው ነበር። ስፈታው ቦርሳና ቦርሳው ተጣብቆ አንድ ሆኗል። እልህ ይዞኝ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ፈልቅቄ ብለያያቸው የአንዱ ገጽ ሌላው ላይ ቀርቶ ሁለቱም ከንቱ ሆኑ። የቀሩትን በእርጥብ ጨርቅ እያራስኩ፣ ከጫፍ ከጫፉ ቀስ እያልኩ አላቅቄ አዳንኳቸው። ከዚያ ወዲህ በቦርሳና በቦርሳ መሃል ወረቀት ሳላስገባ አላስቀምጥም። ይህን ለዶክተሩ ስነግራቸው ሳቁና፣ በቃ እኛም የምንሠራው እንደዚያው ነው አሉኝ።

እንዳሉትም ሠሩት። ሆዴን አልዘረገፉትም፤ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አስገብተው ነው። ቋጠሮውን በቀስታ ልጠው ከረጢቱን አተረፉልኝ፤ የሚደማውንም በብዛት ከመተኮስ ተቆጠቡ፣ ምክንያቱም የመተኮሱ ሙቀት እንቁላሉን ይጎዳል። ደሙን አጥበው አወጡ። በመጨረሻ በተላቀቁት መሃል እንደ ጄል ያለ ነገር ቀቡ፤ ቁስሉ እስኪሽር አንዱን ከሌላው ለይቶ ይቆይና ራሱ ሟሙቶ ይጠፋል። ወረቀቱን አስገቡልኝ ማለት ነው አልኩ በልቤ። ሰማያዊ ቀለም አሳልፈው ሲያዩ ቱቦዎቼም ሁለቱም ክፍት ናቸው። ይህን ሲነግሩኝ ገና ማደንዘዣው አልለቀቀኝም ነበርና በሶማልኛ ምርቃት አወረድኩባቸው፤ ሙሂዲን እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ነርሷ መጥታ ክንዴን ይዛ፣ ተነሺ ትንሽ ተራመጂ ስትለኝ፣ ሆዮ ሃዎ እሪ አለች። ቆስላ የተኛች ሴት ታስነሺያለሽ፣ ደም የለሽም ወይ ብላ ነርሷን ከበር አባረረቻት። አንቺ ሆዮ ሃዎን የምታውቂያት በሰርጌ ዕለት ብቻ ነው። ከወለደቻቸው ልጆች የተረፈላት ሙሂዲን ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን መካን የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ሌሎቹ ሴቶች ሰላም ሲሉኝ መጀመሪያ ሆዴን፣ ቀጥሎ ፊቴን ያያሉ፤ እሷ ፊቴን ብቻ ነው የምታየው። ለዚህ ነው እሷን ማስቀየም የማልችለው።

በእሷ ሕግ ግን ሆዷ የተነካ ሴት አራስ ናት። ልጅ ይውጣ፣ እጢ ይውጣ፣ ለእሷ ለውጥ የለውም። አርባ ቀን ከአልጋ አትወርድም፣ ከደጅ አትወጣም፣ ሆዷ ይታሰራል። ቤት እንደገባን ያን ትልቁን ጋርባሳሯን ከትከሻዋ አውርዳ ሆዴን ጥርቅም አድርጋ አሰረችኝ። የግመል ወተቱ፣ መረቁ፣ ተምሩ! ያለ ልጅ ታረስኩልሽ። ሊጠይቁኝ የሚመጡት ሁሉ ምርቃታቸው አንድ ነው፤ ቶሎ ይግጠምልሽ፣ ይጣበቅልሽ። እኔ በልቤ፣ የውጪውን አሚን፣ የውስጡን ግን አደራህን ያረቢ እላለሁ።

ዶክተሩ ደግሞ አትተኚ ብለውኛል። አንጀትሽ ይንቀሳቀስ፣ ደምም እግርሽ ውስጥ እንዳይረጋ ቀስ እያልሽ ተራመጂ። መራመድ ብቻውን መጣበቅን ያስቀራል አላሉም፤ መተኛት ግን አይጠቅምሽም ነው ያሉት። እንግዲህ ምን ላድርግ? ሆዮ ሃዎ ሶላት ላይ ስትቆም ጠብቄ ጋርባሳሩን ላላ አደርግና አልጋዬን እዞራለሁ። እሷ ሱናውን ስታስረዝም እኔም እርምጃዬን አስረዝማለሁ። ስታሰላምት እኔ አንሶላ ውስጥ ነኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለካ ለእኔ ነው እያልኩ ለብቻዬ እስቃለሁ፤ ስስቅ ደግሞ ስፌቴ ያመኛል።

ሙሂዲን ከሕመሜ በፊት በርበራ ወደብ የስድስት ወር ሥራ ተዋውሎ ነበርና በወሩ ሊሄድ ሆነ። ልቅር አለ፤ እኔ ነኝ ሂድ ያልኩት። ዶክተሩ ይህን ሲሰሙ ትንሽ ቅር አላቸው። አጠገቧ ብትሆን ቶሎ ሞክሩ እላችሁ ነበር፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ያሉት ወራት ጥሩ ወራት ናቸው አሉት። የምትሄድ ከሆነ ግን እስክትመለስ ድረስ በየወሩ እየደማች በሽታው መልሶ እንዳይበቅል ማህፀኗን እናሳርፈው ብለው ኪኒን አዘዙልኝ። ኪኒኑ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የወሊድ መከላከያ! ያለ ዕረፍት በየቀኑ የሚዋጥ። ልጅ ፍለጋ የወሊድ መከላከያ ስውጥ እስቲ አስቢኝ! ለሆዮ ሃዎ እኔ አስረዳታለሁ ያለው ሙሂዲን ነበር። ያ ፈሪ ግን እናቱ ፊት የእንዲህ ዓይነት ነገር ስም መጥራት አፍሮ ሳይነግራት አውቶቡስ ላይ ወጣ። እኔም ማስረዳቱ ከበደኝና ኪኒኑን ግድግዳ ላይ በተሰቀለችው ጥቁሯ ባለ ሰንሰለት ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅሁት።

ቦርሳ ነጋዴ ቦርሳ ውስጥ ዕቃ ይደብቃል? አርባ ቀኔ አልፎ ሱቅ በተመለስኩ ሰሞን የጎረቤታችን ልጅ ሰርግ ነበር። ሆዮ ሃዎ ጥቁሯን ቦርሳ ከግድግዳው አውርዳ፣ እንደ ልማዷ ሳትጠይቀኝ፣ አንጠልጥላት ሄደች። ሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ሽቶዋን ላውጣ ብላ ስትከፍት ኪኒኑ ዱብ አለ። ከእንግዶቹ አንዷ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ናት፤ አነሳችና፣ ሆዮ፣ አንቺም መከላከያ ጀመርሽ እንዴ አለቻት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ አሉኝ። የሆዮ ሃዎ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ቦርሳው የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ሙሂዲን በርበራ መሆኑንም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ያን ቀን ቤት ስትገባ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ኪኒኑን ትሪ ላይ አስቀመጠችና፣ ናያ፣ አንቺ ሳብሪን፣ ልጄ ባሕር ዳርቻ ነው፣ ይህ ለማን ነው አለችኝ። አባዮ፣ እኔ ምላሰኛዋ፣ ታይዋን ውስጥ ሦስት ደንበኛ በሦስት ቋንቋ የማከራክረው፣ አፌ ተሳሰረ። መድኃኒት ነው አልኩ። የምን መድኃኒት? እንድወልድ ነው አልኩ። ፊቷን አዞረች። እኔም ብሆን አላምነኝም ነበር።

ሙሂዲን ጋ ብደውል፣ ብደውል አይገባም፤ ለካ መርከብ ላይ ናቸው። እሷ ምግቤን ትሠራለች፣ አጠገቤ ታስቀምጣለች፣ ቃል አትተነፍስም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ታይዋን ውስጥ የሚወራውን ከሁሉ በኋላ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ቡና ቤት ያለው ሁሉ የእኔን ኪኒን ያውቀው ነበር። ከልጅነቴ የታመምኩ እኔ፣ የተቀደድኩ እኔ፣ ደግሞ የምታማው እኔ! ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ አንቺ ዘንድ ልመጣ ሁሉ አስቤ ነበር። ሙሂዲን በስንት ጊዜው ደውሎ፣ ሆዮ፣ አውቃለሁ፣ ዶክተሩ ሲያዝ አብሬ ነበርኩ ቢላት፣ ሚስቱን የሚወድ ወንድ ለሚስቱ ምስክር አይሆንም ብላ ስልኩን ዘጋችበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ያ ሐኪምሽ መቼ ነው የሚመጣው?

በመጣ ቀን አብረን ሄድን። ሆዮ ሃዎ ዕድሜዋን ሙሉ ገበያ የዋለች ሴት ናት፣ አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። ስትናደድ ግን አማርኛዋ ጥሏት ይሄዳል። በሶማልኛ ልትናገር፣ እኔ ላስተረጉም ሆነ። የራሴን ክስ እኔው ላስተረጉም! እሷ፣ የልጄን ዘር ለምን ታደርቃለህ ብለሽ ጠይቂው ትለኛለች፤ እኔ፣ ዶክተር፣ እናቴ ስለ ኪኒኑ ትንሽ ማብራሪያ ትፈልጋለች እላለሁ። በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ፣ ትንሽ ማብራሪያ አላልኩም አለች፣ በአማርኛ። ዶክተሩ ሳቃቸውን ዋጡት። አንተ፣ ብላ ራሷ ጀመረች፤ መቼም ድሬ ውስጥ ሐኪምም ንጉሥም አንተ ነው። አንተ፣ ይቺ ልጅ ትወልድ ዘንድ ነው ያመጣናት። መውለጃውን ከፍተህ መከላከያ መስጠት በየት አገር ነው?

እሳቸው ወረቀት አውጥተው ማህፀን ሣሉ፣ ቱቦ ሣሉ፣ ሆርሞን ምናምን አሉ። የሆዮ ሃዎ ፊት ግን ንቅንቅ አላለም። ያኔ ነው ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረው፣ ሳብሪን፣ እስቲ የቦርሳሽን ነገር ንገሪያት ያሉኝ። ነገርኳት። ጥቅሉን፣ ሙቀቱን፣ ፈልቅቄ ያበላሸኋቸውን ሁለቱን። እነዚያን ሁለት ቦርሳዎች ታውቃቸዋለች፤ ያን ጊዜ ገንዘብ በእጅሽ ቀደድሽ ብላ የተቆጣችኝ እሷ ናት። የእኔም ሆድ እንደዚያ ነበር ሆዮ፣ ዶክተሩ ቀስ ብሎ አላቀቀው፣ በየወሩ እዚያ ውስጥ የሚፈሰው ደም ደግሞ ያ ሙቀት ነው፣ ተመልሶ ከመጣ ያጣብቀዋል አልኳት። ጋርባሳሯን አስተካከለች። ከዚያ አማርኛዋ ተመልሶላት ዶክተሩን፣ እንግዲያ ይህ ኪኒን በመሃል የሚገባው ወረቀት ነው በለኛ አለቻቸው። አዎ እናቴ፣ በየቀኑ የሚገባ ወረቀት ነው አሉ። ወረቀቱ መቼ ይወጣል? ልጅሽ ሲመጣ። ዋስ ትሆነኛለህ? ዋስ አልሆንም፣ ዋሱ ፈጣሪ ነው፤ እኔ መንገዱን ነው የጠበቅኩት አሉ። ሆዮ ሃዎ ብድግ ብላ እጃቸውን ይዛ መረቀቻቸው፤ ሸንጋይ ብትሆን ኖሮ ዋስ እሆናለሁ ትለኝ ነበር አለቻቸው።

ቤት ስንገባ እጇን ዘረጋች፤ ኪኒኑን አምጪ። ወስዳ የአባቷን ቀለበትና የራሷን ከፈን ከምታስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንዷን ታወጣለች፣ ቢስሚላህ ትላለች፣ ከውሃ ጋር ትሰጠኛለች፣ እስክውጥም አፌን ታየኛለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ፀሐይ ሳይበረታ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ስር አብራኝ ትራመዳለች፤ አርባ ቀን ያስተኛችኝ ሴት ዛሬ ቀደም ቀደም እያለች ምን ያዘግምሻል ትለኛለች።

ለሰፈሩም መልስ ሰጠች። ቤታችን ሲታድ ጠራች፤ እንደምታውቂው ሴቶች ተሰብስበን እናታችን ሃዋንና ፋጢማን የምናወድስበት ነው። ከበሮው ሳይመታ በፊት ሆዮ ሃዎ መሃል ቆማ ኪኒኑን ከደረቷ አወጣችና ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። ይህ የልጄ ሚስት መድኃኒት ነው፣ እኔ በእጄ ነው የምሰጣት፣ የሳቀች ትሳቅ፣ ያማች ግን ጠቧ ከእኔ ጋር ነው አለች። አባዮ፣ አለቀስኩ። እናታችን ከሞተች ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። ሲታዱ ሲያበቃ፣ ያቺ ጤና ጣቢያ የምትሠራዋ መጀመሪያ መጥታ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ከዚያ አንዷ ወደ ጓዳ ሳበችኝ፤ ልጄ በየወሩ ትወድቃለች አለችኝ። ሌላዋም የእህቷን ነገረችኝ። አሁን ሱቄ የሚመጣው ሰው ግማሹ ለቦርሳ፣ ግማሹ ለሆድ ሕመም ነው። እኔ የምሰጣቸው መድኃኒት የለኝም፤ የዶክተሩን መምጫ ቀን ብቻ ነው የምነግራቸው።

እንግዲህ ወደ ሙኒያ ልምጣ። ባለፈው በስልክ በየወሩ ከትምህርት ቤት ትቀራለች፣ ታስመልሳለች፣ ቀበጥ ሆናለች አልሽኝ። ቀበጥ አይደለችም አባዮ። እኔ ነኝ እሷ። እናታችን አላወቀችም፣ አልፈርድባትም፤ አንቺ ግን አሁን አውቀሻል። ስትወልጂ ይተውሻል አትበያት። የወር አበባ ሕመም ሁሉ ይህ በሽታ ነው አልልሽም፤ ሐኪም አይቶ አይደለም ቢል ግመል አርደን እንበላለን። ግን ትታይ። ዋርሳን ምን ይለኛል ካልሽ ስልኩን ስጪኝ፣ እኔ እነግረዋለሁ፤ የእኔ ባል ጣራ ጣራ እያየም ቢሆን እውነቱን ተናግሯል።

የእኔ ነገር እንዲህ ነው። ሕመሙ እንደ ዱሮው ወገቤን አይቆርጠኝም፤ አንዳንዴ ትንሽ ይነካካኛል፣ ያልፋል። ባለፈው ወር ዶክተሩ በአልትራሳውንድ አይተው ቋጠሮው አልተመለሰም አሉ። መጣበቁ ይመለስ አይመለስ ግን በዚያ መሣሪያ ሙሉ በሙሉ አይታይም፤ ተስፋ አለኝ አሉ፣ እኔም ይህችን ተስፋ አለኝ የምትል ቃላቸውን ይዤ ነው ያለሁት። ሙሂዲን ሲመጣ ኪኒኑን አቁሚ፣ ጊዜ አታባክኑ፣ ስድስት ወር ሞክራችሁ ካልሆነ ተመለሱ፣ ሌላም መንገድ አለ ብለውኛል። ሙሂዲን ሥራውን ጨርሷል፣ መኪና እየጠበቀ ነው፤ በዚህ ሳምንት ይሁን በሚቀጥለው አላወቅንም። እፈራለሁ አባዮ፣ አልዋሽሽም። ባይሆንስ እላለሁ። ግን ድሮ የምፈራው ሳላውቅ ነበር፤ አሁን ሆዴ ውስጥ ያለውን አውቄ ነው የምፈራው፣ ይህኛው ፍርሃት እንቅልፍ አይከለክልም። ዱዓሽን አትንፈጊኝ።

በኻሊፍ እጅ ሐልዋ ልኬልሻለሁ፤ ዋርሳን ስኳር አለበትና አሽትቶ ይመልሰው። ለሙኒያ አንድ ቦርሳ አለ፣ ያ የሚያብረቀርቀው ነው። ውስጡ ያለውን ወረቀት እንዳትጥለው ንገሪያት። ለዋርሳን ሰላም በይልኝ፤ አማችህ አሁንም ምላሷ አልታሰረም በይው። ጦልሃን በሁለት ጉንጩ ሳሚልኝ፣ አልሳምም ቢል ያዢና ሳሚው። ሙኒያን ደግሞ አቅፈሽ፣ ሆዷ ላይ ሙቅ ውሃ አስቀምጪላት፣ እንደ ድሮው። ሆዮ ሃዎ ሰላም ብላሻለች፤ እህትሽ እስክሪብቶ ስትይዝ ፊቷ ጠቢብ ይመስላል ብለሽ ጻፊ ብላኛለች፣ ጽፌያለሁ።

ይህን ጽፌ ላሽገው ስል መግሪብ ሆነና ሰግደን ተነሳን። እንደ ልማዴ እጄን ዘረጋሁ። ሆዮ ሃዎ ቢስሚላህ አለችና ውሃውን ብቻ ሰጠችኝ። ኪኒኑስ አልኳት። ሣጥኗን ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አጠለቀች። ልጄ አሁን ደውሎ ነበር፣ ጅግጅጋ ገብቷል፣ ነገ ከጁምዓ በፊት እዚህ ነው፣ ወረቀቱ ይውጣ አለችኝ። ውሃውን ቆሜ ጠጣሁት።

እህትሽ ሳብሪን
ድሬዳዋ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.